ለኪራይ የተላኩ ሽማግሌዎች

ጋሽ ሀጎስ ሕንፃውን ሠርተው ሲጨርሱ በባለቤታቸው ስም ሰየሙት። «ወርቅአፈራሁ ፕላዛ» የሚለው ጽሑፍ ማታ ማታ ሲበራ ከልደታ ኮንዶሚኒየም እስከ ተክለ ሃይማኖት መንገድ ድረስ ይታይ ነበር። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ያን ሰሞን በደስታ አለቀሱ። ኋላ ግን ሕንፃው ገበያ ራቀው። የታክሲ ረዳቶች «ባዶው ፕላዛ ጋ ወራጅ አለ?» እያሉ መጮኽ ሲጀምሩ ሴትዮዋ በዚያ በኩል ማለፉን እርግፍ አድርገው ተዉት። «በስሜ ላይ ሰው አይወጣም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ገዢ ይገባል። አንደኛ ፎቅ ላይ መጸዳጃ ቤት የሚፈልግ ሰው ይገባል። ከዚያ በላይ ከጥቂት ተከራዮች ሌላ የሚወጣው ዘበኛው ነው፤ እሱም ለመተኛት። እንዲህም ሆኖ ጋሽ ሀጎስ ያገኙትን ተከራይ አያስገቡም። ጫማ ሰፊ መጣ፣ መለሱት። በርበሬና ሽሮ የምታዘጋጅ ሴት መጣች፣ መለሷት። «ይህ ደረጃውን የጠበቀ ሕንፃ ነው። ሽቶና የእጅ ሰዓት ነው የሚሸጥበት» ይላሉ። ሽቶ ነጋዴው ግን አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

በመጨረሻ ሴት ልጃቸውን መርሃዊትን ጠሩ። መርሃዊት የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ጥሩ ሥራ ነበራት። «የሰው ቤት ከምታሟሙቂ የእናትሽን ስም አድኚ» አሏትና ሥራ አስኪያጅ አድርገው ሾሟት።

በመጀመሪያው ቀን ተረከዘ ረጅም ጫማ ተጫምታ፣ ፋይል ታቅፋ መጣችና ኤስካሌተሩ ላይ ወጥታ ቆመች። ትንሽ ጠበቀች። ምንም የለም። እጇን ድጋፉ ላይ አድርጋ አሁንም ጠበቀች።

ከላይኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ምሳ ዕቃውን ጭኑ ላይ የዘረጋ ወጣት ቁልቁል ያያት ነበር። አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሏል።

«እየጠበቁ ነው?» አላት።

«አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል። ግን ራስዎ መራመድ አለብዎት።»

መርሃዊት ሳቀች። ወዲያው ሥራ አስኪያጅ መሆኗ ትዝ አላትና ፊቷን ኮስተር አደረገች።

«ከላይ ምን አለ?»

«እኔ አለሁ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ የለም» አለና ጥግ ይዞ አሳለፋት።

ስሙ ባሮክ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ይሰፋል። የኮንዶሚኒየሙን ሰው ሁሉ መስኮት ለክቷል፤ ከእናቱ ጋር የሚኖረውም እዚያው ነው። «ሌላው ነጋዴ ደንበኛ ይመጣለታል። እኔ ግን ወደ መስኮቱ የምሄድ ሰው ስለሆንኩ ሦስተኛ ፎቅም ብሆን አልጎዳም» ብሎ አስረዳት። ኪራዩ ግን ይጎዳው ነበር፤ እሱን አልነገራትም።

ከዚያ በኋላ መርሃዊት ሦስተኛ ፎቅን መጎብኘት አበዛች። አንድ ቀን አምፖል ለማየት፣ አንድ ቀን ቧንቧ ለማየት፣ አንድ ቀን ባለፈው ያየችው አምፖል አሁንም እንዳልበራ ለማየት። ባሮክ ጨርቅ እየቆረጠ ያወራታል። እሱ መርፌ ውስጥ ክር ሊያስገባ ሲሞክር እሷ ጣቶቹን ታያለች፤ ቀና ሲል ደግሞ ግድግዳውን ታያለች። ግድግዳው ላይ ምንም የሚታይ ነገር አልነበረም።

«እስከ መቼ ነው እርስዎ የምትለኝ?» አለችው አንድ ቀን።

«ኪራይ እስክትቀንሺ» አለ ሳያስበው። ከዚያ የተናገረው ነገር ገባውና ጆሮው ድረስ ቀላ። አንቺ ብሏታል፤ መልሶ እርስዎ ማለትም አልቻለም።

ይህን ሁሉ አቶ ሞቱማ ያያሉ። አቶ ሞቱማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኤስካሌተሩ ፊት ለፊት ፍራሽ ይሸጣሉ። ገበያ የሌለው ነጋዴ ሥራው ሰው ማየት ነው። ልጅቷ ስትወጣ ፀጉሯን ስታስተካክል አይተዋል፤ ስትወርድ ለራሷ ፈገግ ስትል አይተዋል። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብለው ፍራሻቸው ላይ ጋደም ይላሉ።

መርሃዊት ሥራዋንም አልረሳችም። ጠመንጃ ያዥ የሚባለው የድሮ ሰፈር እንደ አዲስ ሊሠራ ስለሆነ ጫማ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው፣ አናጢው መሥሪያ ቦታ እያፈላለገ ነው። እነሱን ወደ ላይኛው ፎቅ ብናስገባ፣ የላዩን ኪራይ ብንቀንስ፣ ሰው ጫማውን ሊያሰፋ ሲወጣ መጋረጃም ፍራሽም ያያል ብላ አሰበች። ለአባቷ ነገረቻቸው።

ጋሽ ሀጎስ ሻዩ ጉሮሯቸው ላይ ቆመባቸው። «እኔ ከጠመንጃ ያዥ የወጣሁት በስንት መከራ ነው! አንቺ ደግሞ ጠመንጃ ያዥን በእግሩ አስመጥተሽ ሦስተኛ ፎቄ ላይ ልታስቀምጭው?»

«አባዬ፣ ሦስተኛ ፎቅህ እኮ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።»

«ባዶነቱስ ቢሆን ደረጃውን የጠበቀ ነው!» አሉ። ከዚያም የባሰውን ነገሯት። አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ሕንፃውን በሙሉ ለቆርቆሮና ለሚስማር ማከማቻ ሊከራያቸው ጠይቋል። መስቀል እንዳለፈ ይዋዋላሉ። ተከራዮቹ በሙሉ ይወጣሉ።

መርሃዊት በቀጥታ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሄደች። ባሮክ ሰምቶ መቀሱን አስቀመጠ። የሕንፃው መዘጋት ለሷ የእናቷ ስም ነው፣ ለተከራዮቹ እንጀራቸው ነው። ሁለቱም ግን በዚያች ሰዓት ያሰቡት ነገር ሌላ ነበር፤ ከመስቀል በኋላ በምን ሰበብ ይገናኛሉ?

«አባቴ ለኔ እምቢ ይላል፣ ለባንክ እምቢ ይላል። ለሽማግሌ ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። ሽማግሌ ላኩበት።»

«ለኪራይ ሽማግሌ?»

«ምን አለበት? ቄስም ጨምሩ። አባቴ ቄስ ፊት አይቆጣም።»

ጉድ የፈላው በዚህ ምክር ነው።

ተከራዮቹ ተሰብስበው ሦስት ሰው መረጡ። አንደኛው ጋሽ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ምድር ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ፣ ድሮ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ንግግር ያውቃሉ ይባላል። ሁለተኛው አቶ ሞቱማ። ሦስተኛው መምሬ ሰለሙን፤ ተከራይ አይደሉም፣ ግን የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪ ናቸው፣ ባሮክንም ይወዱታል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቄሱን አስቀድመው ጋሽ ሀጎስ ደጃፍ ቆሙ።

መርሃዊት እንደሚመጡ ታውቅ ነበርና ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ አደረገች።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!» አሉ ጋሽ ሀጎስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልደ ሚካኤል እንደ ወጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሌሊቱን ሙሉ ያጠኑትን ንግግር ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱ።

ጋሽ ሀጎስ እጃቸውን አነሱ። ሰው በማወቃቸው የሚኮሩ ሰው ናቸው። «አይድከሙ! የመጣችሁበትን ከአረማመዳችሁ አውቄዋለሁ። በእሑድ ጠዋት፣ ነጭ ለብሳችሁ፣ ቄስ አስቀድማችሁ! ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት። እኔና እናቷ ይህችን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅናት መሰላችሁ!»

ሽማግሌዎቹ ገና ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ሳይገልጡ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከመኝታ ቤት «እልልልል!» ብለው ወጡ። ያልተነገረ ነገር ላይ እልል ተባለ። ጎረቤት ሳይቀር መስኮት ከፈተ።

ጋሽ ወልደ ሚካኤል አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። አሁን ምን ይበሉ? «የለም፣ ልጅዎን አይደለም የፈለግነው፣ ለኪራይ ነው የመጣነው» ይበሉ? እናቲቱ እልል ካለች በኋላ? ይህ ልጅቷን በአደባባይ ማዋረድ ነው። ወደ መምሬ ሰለሙን ዞሩ። መምሬ ኮርኒሱን ያዩ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብለው ይሆናል።

«ልጁ ማነው?» አሉ ጋሽ ሀጎስ።

መርሃዊት ጓዳ ውስጥ የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ ረሳችው።

«ባሮክ» አሉ አቶ ሞቱማ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው አይዋቸው። አቶ ሞቱማ ግን የልባቸውን የተናገሩ ሰው ሆነው ደረታቸውን ነፉ።

«ሥራው ምንድነው?»

«መጋረጃ ይሰፋል። እርስዎው ሕንፃ ውስጥ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።»

«ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰው አለ እንዴ?» አሉ ጋሽ ሀጎስ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በወጉ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ጠጡ። ጋሽ ሀጎስም «ዘመድ አማክረን፣ ልጁንም አጣርተን፣ በሁለት ሳምንት መልሱን እንሰጣለን» አሉ። ስለ ኪራይ አንድም ቃል ሳይነሳ ሽማግሌዎቹ ወጡ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ጋሽ ወልደ ሚካኤል የአቶ ሞቱማን ነጠላ ጨምድደው ያዙ። «ምን አደረግክ አንተ ሰውዬ?» አቶ ሞቱማም «የሆነውን ነው የተናገርኩት። ስሙን ዘግየት ብላችሁ ብትጠሩት ሌላ ሰው ይወስዳት ነበር» ብለው መለሱ።

ሰኞ ጠዋት መርሃዊት ሦስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣች።

«ሽማግሌዎቹ ስለ ኪራይ አልተናገሩም» አለችው።

«ታዲያ ስለ ምን ተናገሩ?»

«ስለ እኔ። ለአንተ ጠየቁኝ።»

ባሮክ በእጁ የያዘው የመጋረጃ ቀለበት ወለሉ ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ሄደ። ሁለቱም እስኪቆም ድረስ አዩት።

«እና... አባትሽ ምን አሉ?»

«ሁለት ሳምንት ስጡኝ አለ።»

«ለኪራዩ?»

«ለአንተ!»

ባሮክ አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። እሷም ጠበቀች። ያን ጊዜ ከታች ጩኸት ተሰማ። ተከራዮቹ ኤስካሌተሩ ላይ ተሰብስበው ስሙን ይጠሩ ነበር።

ኤስካሌተሩ መንቀሳቀሱ ቢቀርም ለስብሰባ ተመችቷል። ተከራዮቹ በየደረጃው ተደርድረዋል። ፊት ለፊት እንዳለች የምትባለው የቅባትና የሎሽን ነጋዴ ወገቧን ይዛ ቆማለች። እንዳለች ስትቆጣ ምላሷ ሰንጥቆ የሚጥል ሴት ናት።

«ዓይንህን በጨው አጥበህ!» አለችው። «ለሁላችን ብለን በላክናቸው ሽማግሌዎች ለራስህ ሚስት አስጠየቅክ?»

«እኔ አላስጠየቅኩም!»

«ታዲያ እኔ ነኝ ያስጠየቅኳት?»

ጋሽ ወልደ ሚካኤል ተነስተው ነገሩን አብራሩ፤ ሲያብራሩት ባሰ። «አሁን ተመልሰን የኪራይ ነገር ብናነሳ ‹ልጄን በኪራይ ቅናሽ ልትለውጡብኝ ነው› ይሉናል። አማች ሊሆን በታጨ ሰው ስም ኪራይ አይለመንም፤ ነውር ነው።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!» አለች እንዳለች። «ሕንፃው ለሚስማር ሊሰጥ፣ እኛ ሜዳ ላይ ልንወድቅ፣ እሱ ሊሞሸር!»

ባሮክ ወደ ሰዎቹ ተመለከተ። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨምርባቸው አብረውት የተቀመጡ ናቸው። «ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ይሂዱና እውነቱን ይናገሩ» አለ። «ለኪራይ ነው የመጣነው ይበሉ። ስለ እኔ የተባለው ይቅር።»

መርሃዊት ከኋላው ቆማ ነበር። እንዳለች መጀመሪያ አየቻትና እጇን ከወገቧ አወረደች። ባሮክ ዞሮ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጥሩ» አለች መርሃዊት። «ይቅር።»

በሰዎቹ መሃል ቁልቁል ወርዳ ቢሮዋ ገባችና በሯን ዘጋች። ከዚያም አለቀሰች። እሑድ ዕለት የማቀዝቀዣውን በር ይዛ ቆማ ስሙን ስትሰማ፣ በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም ነበር። ያን ደስታ ለማንም ሳትነግረው በሦስት ፊደል አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አምፖልም ቧንቧም አላየችም። ባሮክም ቢሮዋ በር ላይ ስንት ጊዜ መጥቶ ቆሞ ሳያንኳኳ እንደተመለሰ አቶ ሞቱማ ያውቃሉ።

ሽማግሌዎቹም ቃላቸውን ለማጠፍ ድፍረት አጡ። አንዱ አንዱን «አንተ ሂድ» እያለ ቀኑ ገፋ።

ጋሽ ሀጎስ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። የልጃቸውን ፈላጊ በዓይናቸው ሳያዩ መልስ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ማንም እንዳያውቃቸው ባለቤታቸውን አስከትለው ፕላዛው መጡ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ለማጣራቱ ብለው ሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። ዘበኛው ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነስቶ «ጋሽ ሀጎስ፣ እንደምን አደሩ!» ብሎ ሰላምታ ሰጣቸው። መርሃዊት ድምፁን ሰምታ ከቢሮዋ ወጣች።

«አባዬ፣ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ልጁን ላየው ነው። ይኼ ኤስካሌተር ለምን ቆመ?»

«ከቆመ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ማንም አልነገረኝም!»

«እኔ ከመጣሁ ጀምሮ በየወሩ ነግሬሃለሁ።»

ጋሽ ሀጎስ ኮፍያቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ። መውጣት ጀመሩ። አንደኛ ፎቅ ድረስ ደህና ነበሩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የጣሪያውን አሠራር የሚመረምሩ መስለው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ወደ ሦስተኛው ሲወጡ ጨለማ ነው፤ በግራና በቀኝ የተዘጉ በሮች፣ አቧራ የጠገበ መስታወት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጨለማው ግን ያው ነው። መጨረሻው ደረጃ ላይ ትንፋሻቸው አለቀና ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁም አጠገባቸው ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ።

«ሀጎስ» አሉ ቀስ ብለው።

«አቤት።»

«በስሜ የሠራኸው ይኼንን ነው?»

ጋሽ ሀጎስ ያን ሁሉ ባዶ በር ተመለከቱ። ሕንፃውን ከውጭ ስንት ጊዜ አይተውታል፤ ከምድር ቤቱ ቢሮ አልፈው ግን አያውቁም። አንገታቸውን ደፉ።

ባሮክ ድምፅ ሰምቶ ወጣ። ሁለት ወንበርና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይዞ ተመልሶ መጣ፣ ክንዳቸውን ደግፎ አስነሳቸው። ከጀርባቸው የቆመችውን መርሃዊትን አያትና ዓይኑን ሰበረ። እሷም ወለሉን አየች።

ጋሽ ሀጎስ ውሃውን ጠጥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሺ ልጄ። የማን ልጅ ነህ?»

«ጋሽ ሀጎስ፣ ከመጠየቅዎ በፊት እውነቱን ልንገርዎት» አለ ባሮክ። «ሽማግሌዎቹን የላክናቸው ለኪራይ ነው። ኪራይ እንዲቀንሱልንና ሕንፃው መጋዘን እንዳይሆን ለመለመን። እናታችን እልል ሲሉ ሽማግሌዎቹ ይሉኝታ ያዛቸው።»

«ለኪራይ?»

«ለኪራይ።»

«ልጄንስ?»

«ስለ ልጅዎ አልተላኩም።»

የጋሽ ሀጎስ ፊት ቀስ በቀስ ቀላ። ከሁለተኛ ፎቅ አቶ ሞቱማ አንገታቸውን አወጡ። ከምድር ቤት ድረስ ተከራዮቹ ቀና ቀና አሉ።

«ለምን አልተላኩም?» ጋሽ ሀጎስ ጮኹ። «ምን ጎደላት? ልጄ ከኪራይ ታንሳለች?»

«አታንስም!» ባሮክም ሳይታወቀው ጮኸ። «ስለማታንስ ነው! ለሷ ሽማግሌ የምልከው ለሷ ብቻ ብዬ ነው። ኪራይ ላይ ተደርባ አይደለም የምትጠየቀው! ነገ ሰው ‹ኪራይ ሊያስቀንስ ብሎ ነው የወደዳት› እንዲላት አልፈለግኩም። ይቅር ያልኩት ለዚህ ነው።»

መርሃዊት ቀና አለች። ሳምንቱን ሙሉ ደረቷ ላይ የከበዳት ነገር ለቀቃት።

«ሰማህ ሀጎስ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ። «እኔ አጣርቼ ጨርሻለሁ።»

«ቆይ፣ ቆይ!» አለች መርሃዊት። «ሽማግሌ ለአባቴ ተላከ። እናቴ ለጎረቤት እልል አለች። ሕንፃው በሙሉ ስለ እኔ ተሰበሰበ። ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ማንም ምንም አልነገረኝም!»

ሁሉም ባሮክን አየው። ባሮክ ላብ አጠመቀው። እንዳለች ሳትቀር ከታች «በል እንጂ!» አለችው። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«መርሃዊት» አለ በመጨረሻ። «ምሳ በልተሻል?»

አቶ ሞቱማ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ።

«አልበላሁም!» አለች መርሃዊት። መቆጣት ፈልጋ ነበር፣ ሳቋ አሸነፋት። ምሳውንም አብረው በሉ። የሚናገረውን ግን አልተናገረም።

ጋሽ ሀጎስ በዚያው ዕለት ትእዛዝ ሰጡ። ለኪራዩ ሌላ ሽማግሌ፣ ለልጃቸው ሌላ ሽማግሌ ይላክ፣ ሁለቱን ጉዳይ የሚያምታታ ከደጃቸው አይድረስ። እሑድ ሁለቱ ቡድኖች ደጃፉ ላይ ተገናኙና ማን ይቅደም በሚለው ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። መምሬ ሰለሙን በሁለቱም ውስጥ ስለነበሩ በአንደኛው ጉዳይ ገብተው ወጡ፣ ደጁን ዞረው ነጠላቸውን አስተካክለው በሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ እንደ አዲስ «ቤት ለእንግዳ» ብለው ገቡ። ልጅቱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተሰጠች። ኪራዩ ግን እስከ ማታ አከራከረ። ጋሽ ሀጎስ ሊያጠብቁ ሲሉ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ከጎናቸው ሆነው «ስሜን ለሚስማር አታከራይም» አሉ፤ በዚህ ተቋጨ። መጋዘኑ ቀረ፣ የላይኛው ፎቅ ኪራይ ቀነሰ፣ የጠመንጃ ያዥ ባለሙያዎችም ይግቡ ተባለ።

ገቡም። ጥቅምት ሳያልቅ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ጆሮ የሚያደነቁር ሆነ። የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ የአናጢው መጋዝ ያፏጫል፣ ጫማ ሰፊዎቹ በመዶሻ በዜማ ይቀጠቅጣሉ፣ አንዱ ደግሞ ለሁሉም ብሎ ሙዚቃ ይከፍታል። ሰው ካልሲ ሊገዛ መጥቶ ሶፋ አዝዞ ይወርዳል። አቶ ሞቱማ ፍራሻቸው ላይ የሚጋደሙበት ጊዜ አጡ። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ሆነ ብለው በታክሲ መጥተው ከፕላዛው ፊት ለፊት ይወርዳሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መርሃዊት አራተኛ ፎቅ መደገፊያው ብረት ጋ ቆማ ሰው ሲወጣና ሲወርድ ታያለች። ቁልቁል ስታይ ጋሽ ሀጎስ ምድር ቤት ላይ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጋር ሲሳሳቁ አየች። ባሮክ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ሠርጋቸው ተቆርጧል፣ አዳራሽ ተይዟል፣ ድንኳን ይጣል አይጣል የሚል ክርክር ተጀምሯል። እሱ ግን ዛሬ አንድ ነገር ወስኖ እንደመጣ ከአቋቋሙ አወቀች። እጇን ያዘ። ጆሮዋ ጋ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር አላት።

«ምን?» አለች። መጋዙ ያፏጫል።

ደገመው።

«አልሰማሁም!»

«እ...» መዶሻው ዋጠው።

«ባሮክ፣ ጮክ በል! ምንም አይሰማም!»

ባሮክ ዓይኑን ጨፈነ። ደረቱን በአየር ሞላ። በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ። የስፌት መኪናው ቆመ፣ መጋዙ ቆመ፣ ሙዚቃው ተቆረጠ። መዶሻ የያዙትም እንደ ልማዳቸው «ወይ መብራት!» ሊሉ እጃቸውን ገታ አደረጉ።

«እወድሻለሁ!»

ድምፁ ከአራተኛ ፎቅ ተነስቶ ምድር ቤት ደርሶ ተመለሰ። በየሱቁ ያለ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ባሮክ ዓይኑን ገለጠና ያን ሁሉ ፊት ሲያይ የት እንደሚገባ ጠፋው። እጇን ግን አለቀቀም።

ከምድር ቤት የጋሽ ሀጎስ ድምፅ ተሰማ። «ሰምተናል! እሷስ ምን አለች?»

መርሃዊት ለእሱ ብቻ በጆሮው ልትነግረው ትችል ነበር። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ለመስማት የጓጓችውን ነገር ካገኘች በኋላ መደበቅ አላሰኛትም። መደገፊያው ብረት ላይ ጎንበስ አለች።

«እኔም እወደዋለሁ!»

ከታች እንዳለች እልልታውን አቀለጠችው። አቶ ሞቱማ «መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ!» እያሉ ለሚያውቁትም ለማያውቁትም ገዢ ያስረዳሉ። የሕንፃው ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ማንም ወደ ሥራው አልተመለሰም።